ምዕራፍ አምስት፦ በስፖኪዮ የሚነዳ ውድድር

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ በተባለው ቦታ በየዓመቱ የሚካሄደው የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር አንዱ ዙር 25 ኪሎ ሜትር ከ378 ሜትር ይረዝማል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሰበታ መድረስ በሉት። ኃይለኞቹ መኪኖች ይህን ዙር በ8 ደቂቃ ተኩል ቢጨርሱት፣ አማተሮች ገንዘብ አዋጥተው የተከራዩት አነስተኛ መኪና ደግሞ 10 ደቂቃ ተኩል ቢፈጅበት፣ እያንዳንዱ ኃይለኛ መኪና በየ45 ደቂቃው አንድ ጊዜ ከኋላ መጥቶ ያልፈዋል። ኃይለኞቹ 30 ከሆኑ በየደቂቃ ተኩሉ አንዱ ይደርስበታል ማለት ነው። ለአንድ ሰዓት ተኩል መሪ የያዘ ሰው ከመቀመጫው እስኪወርድ 60 ጊዜ ያህል ታልፏል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ ወጥቶ እንዲህ ያለ ውድድር ውስጥ የሚገባ አማተር ይህን ቁጥር አስቀድሞ ቢያውቀው እመኛለሁ። አብዛኛው ሰው የሚመጣው በአገሩ አጫጭር ውድድሮች ላይ ማለፍን ተምሮ ነው። እነዚያ ውድድሮች 20 ወይም 30 ደቂቃ የሚቆዩ፣ መኪኖቹ ተቀራራቢ የሆኑባቸው፣ ዓይን ከፊት ካለው መኪና የማይነቀልባቸው ናቸው። እዚህ ግን ግማሹን ዓይኑን ለስፖኪዮው መስጠት አለበት። የጽናት ውድድር ከጀማሪ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ሙያ በሥርዓት መታለፍ ነው ብዬ አምናለሁ። የነዳጁ፣ የጎማውና የእንቅልፉ ጉዳይ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈጣኑንና ዘገምተኛውን በአንድ መንገድ ላይ ማደባለቅ በዚህ ስፖርት ውስጥ የቆየ ሐሳብ ነው። የኑርቡርግሪንግ የ24 ሰዓት ውድድር በ1970 ሲጀመር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሰለፉት ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ከሚሄድባቸው መኪኖች የተሠሩ ነበሩ። ያሸነፈው ቢኤምደብሊው 2002 ሲሆን፣ ከሁለቱ አሽከርካሪዎቹ አንዱ የነበረው ሃንስ ዮአኪም ሽቱክ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ዛሬም በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸው የፋብሪካ መኪኖችና ከ200 በታች ያላቸው ትንንሾች አብረው ይሮጣሉ። ከ100 በላይ መኪና ስለሚመጣ ጋራዡ አይበቃም፤ ብዙ ቡድኖች አንዱን ጋራዥ ተካፍለው፣ ክርን ለክርን እየተጋፉ ይሠራሉ። ደመወዝ ተከፍሎት የሚነዳ ባለሙያና የዓመት ዕረፍቱን ለዚህ ያጠራቀመ የጥርስ ሐኪም ጎን ለጎን ቆመው ሄልሜታቸውን ሲያጠልቁ ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም።

በፈረንሳዩ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር አማተሩ የሚገባው በሕግ ጭምር ነው። ዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን አሽከርካሪዎችን ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ብሎ ይመድባል፤ ኤልኤምጂቲ3 በተባለው ምድብ የሚሰለፍ እያንዳንዱ መኪና ቢያንስ አንድ የነሐስ አሽከርካሪ የመያዝ ግዴታ አለበት። ነሐስ ማለት በአብዛኛው ኑሮውን በሌላ ሥራ የሚመራ ሰው ነው። አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ፖል ኒውማን እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይኖር በ1979 ባሕር ተሻግሮ ለ ማን መጣ። 54 ዓመቱ ነበር። ከሮልፍ ሽቶመለንና ከዲክ ባርቡር ጋር ፖርሽ 935 እየተቀባበሉ ነድተው ከመላው ተወዳዳሪ ሁለተኛ ወጡ። ኒውማን ከዚያ በኋላ ወደ ለ ማን ለመወዳደር አልተመለሰም።

ወደ ኑርቡርግሪንግ እንመለስ፤ ጀማሪን የሚፈትነው ከሁሉ በላይ እሱ ነውና። ቦታው በአይፈል ኮረብታዎች፣ በደን ውስጥ ነው። ከ1925 እስከ 1927 ሲሠራ የተራራውን ቅርጽ ተከትሎ ስለሄደ በአንድ ዙር ውስጥ ብቻ የ300 ሜትር ገደማ ከፍታና ዝቅታ አለው። ኖርድሽላይፈ የሚባለው አሮጌው ክፍል ብቻውን 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ከጫፉ አጠገብ ብዙ ቦታ የብረት አጥር እንጂ ስሕተትን የሚቀበል ሰፊ ሜዳ የለውም። መኪና ከመሬት የሚነሣባቸው ጉብታዎች፣ ከዳገቱ ማዶ ምን እንዳለ የማይታይባቸው ጥምዞች ይበዙበታል። የሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴው ገሃነም» ያለው ይህንን ነው። ኒኪ ላውዳ ነሐሴ 1 ቀን 1976 እዚያ ከነመኪናው ከተቃጠለ በኋላ ፎርሙላ ዋን ወደ አሮጌው ክፍል ተመልሶ አልሄደም። የአማተሮቹ ውድድር ግን እዚያው ቀጠለ።

ስለዚህ ማንም ገንዘብ ስላለው ብቻ ዘሎ አይገባበትም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ከአገሩ ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የውድድር ፈቃድና የሕክምና ማረጋገጫ ይይዛል። ከዚያ በላይ የጀርመን ሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ለዚሁ መንገድ ብቻ የሚሰጠው የተለየ ፈቃድ አለ፤ ሁለት ደረጃ ያለው ነው። መጀመሪያ ትምህርቱንና የመንገዱን ሥልጠና ጨርሶ ዝቅተኛውን ይወስዳል፤ በዚያ ፈቃድ ጉልበታቸው አነስተኛ በሆኑ መኪኖች ውድድር ጨርሶ ከታየ በኋላ ወደ ላይኛው ያልፋል። ይህን ሥርዓት የምወድበት ምክንያት ለማንም ዓይኑን አለመጨፈኑ ነው። በመስከረም 2025 የአራት ጊዜ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮኑ ማክስ ቨርስታፐን እንደ ማንኛውም ጀማሪ ትምህርቱን ተቀምጦ ተማረ፤ ጉልበቱ የተቀነሰ ፖርሽ ካይማን ተሰጥቶትም በኃይለኞቹ መኪኖች እየታለፈ ዙሩን ቆጠረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፌራሪ ተመልሶ እዚያው አሸነፈ። የዓለም ፈጣኑ ሰው መጀመሪያ ስፖኪዮ እንዲያይ ከተደረገ፣ ሌላው የሚከራከርበት ምን ምክንያት አለው?

መታለፍ ሰውን ምን ሊያስተምር እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ ግን የአኪዮ ቶዮዳ ታሪክ ነው። መንገዶቻችንን በኮሮላና በቪትዝ የሞላው የቶዮታ ኩባንያ መሥራች የልጅ ልጅ ነው። ሥራ አመራር ተምሮ፣ ወደ ቢሮ ገብቶ ደረጃ በደረጃ ሲያድግ፣ ሂሮሙ ናሩሴ የተባለ የኩባንያው አንጋፋ የሙከራ አሽከርካሪ አንድ ነገር ነገረው፤ መንዳት በቅጡ የማያውቅ ሰው ስለ መኪና አስተያየት ባይሰጥ ይሻላል የሚል። ናሩሴ በ1963 ቶዮታ የገባ፣ መኪናን በመቀመጫው የሚያደምጥ ሰው ነበር። ቶዮዳ በነገሩ ከመቆጣት ይልቅ ተማሪው ሆነ።

ለልምምድ ኑርቡርግሪንግ ሄዱ። በዚያን ጊዜ ቶዮታ ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚሆን አዲስ የስፖርት መኪና ስላልነበረው ቶዮዳ የሚለማመደው መመረቱ በቆመ አሮጌ ሱፕራ ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ ገና ገበያ ያልወጡ፣ ቅርጻቸው በተዥጎረጎረ ሽፋን የተሸፈነ የሙከራ መኪኖቻቸውን እዚያው ይፈትኑ ነበር። እነዚያ እየተከታተሉ ሲያልፉት፣ «እናንተ እንዲህ ያለ መኪና መሥራት አትችሉም» የሚሉት እንደመሰለው ቶዮዳ ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ደጋግሞ ተናግሯል። ቁጭቱ ከእሱ ጋር ቆየ፤ በ2019 አዲሱ ሱፕራ ገበያ ሲወጣም ይህንኑ ቁጭት አንሥቷል።

በሰኔ 2007 የ51 ዓመቱ ቶዮዳ የመጀመሪያውን የ24 ሰዓት ውድድሩን ጀመረ። የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። ነገር ግን ቡድኑ ቶዮታ በሚለው ስም እንዲሮጥ ስላልተፈቀደለት ጋዙ ተባለ፤ እሱም በራሱ ስም ፋንታ ሞሪዞ ተብሎ ነዳ። ሞሪዞ በ2005 አይቺ ላይ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን አርማ የነበረ፣ የሕፃናት መጫወቻ የሚመስል አረንጓዴ የጫካ ፍጡር ነው። መኪኖቹ ሁለት ያገለገሉ የቶዮታ አልቴዛዎች ነበሩ፤ ያዘጋጇቸውም የኩባንያው ሠራተኞች። ሁለቱም ውድድሩን ጨረሱ፤ ከአሸናፊዎቹ እጅግ ርቀው፣ ግን በራሳቸው ጎማ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምቆምበት ቦታ የስሙ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ትልቁን የመኪና ኩባንያ ሊመራ የተቃረበ ሰው ለአንድ ሌሊት ሙሉ ለሌሎች መንገድ እየለቀቀ ነድቷል። በ2009 ፕሬዚዳንት ሲሆን ስለ መኪና የሚሰጠው አስተያየት ከዚያ መንገድ የተገኘ ነበር። ናሩሴ ሰኔ 23 ቀን 2010 ከኑርቡርግሪንግ አቅራቢያ በሕዝብ መንገድ ላይ ሌክሰስ ኤልኤፍኤ ሲሞክር ከሌላ መኪና ጋር ፊት ለፊት ተጋጭቶ ሞተ። 67 ዓመቱ ነበር። ተማሪው መንዳቱን አልተወም። በ2025፣ በ69 ዓመቱ፣ ያሪስ (እኛ በቪትዝነቷ የምናውቃት መኪና የስፖርት ዝርያ) ይዞ ወደዚያው የ24 ሰዓት ውድድር ተመልሶ ነድቷል።

ታዲያ በሥርዓት መታለፍ ማለት ምንድን ነው? አዲስ ሰው ከኋላው ኃይለኛ መብራት ሲያይ የመጀመሪያ ስሜቱ መሸሽ ነው፤ ቶሎ ወደ ዳር መውጣት። አደጋው እዚያ ላይ ነው። ከኋላ የሚመጣው ሰው ከሩቅ አይቶ በየት በኩል እንደሚያልፍ ወስኗል፤ የፊተኛው በድንገት ቦታ ሲለውጥ ውሳኔው ይፈርሳል። ስለዚህ ዘገምተኛው በያዘው መስመር ይጸናል፤ የሚለቅቀውን ወገን በፍሬቻ አስቀድሞ ይናገራል፤ ነዳጅ መስጫውን ላላ የሚያደርገውም ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንጂ በጥምዙ መሀል አይደለም። አንዱ ካለፈ በኋላ ወዲያው ወደ መስመሩ አይመለስም፤ ከኋላው ሁለተኛ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አለ። የሚገርመው፣ ይህን በደንብ የሚያደርግ ጀማሪ በዙር የሚያጣው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። የሚታገል ግን የጎማውን ዳር በቆሻሻው መስመር ላይ ያበላሻል፤ ፍሬኑንም ያግላል።

ሌሊት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ደኑ ውስጥ የመንገድ መብራት የለም። በስፖኪዮው የሚታየው ብርሃን ብቻ ነው፤ መኪናው ሃምሳ ሜትር ይራቅ ሁለት መቶ ሜትር አይታወቅም። ልምድ ያላቸው የብርሃኑን መጠን ትተው እንዴት እንደሚያድግ ያያሉ። በየጥምዙ ዳር ቀናት ቀድመው ድንኳን የተከሉ ተመልካቾች እሳት አንድደው ሥጋ ይጠብሳሉ፤ ጢሱ መኪናው ውስጥ ይገባል። አሽከርካሪዎች ስለዚያ ሽታ ሲያወሩ በደስታ ነው።

የአየሩም ጠባይ አለ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ጋራዦቹ ባሉበት ፀሐይ ሆኖ በማዶው ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ጥርስ የሌለው ጎማ ለደረቅ መንገድ ነው፤ በውሃ ላይ እንደ በረዶ ይንሸራተታል። የዝናብ ጎማ ደግሞ በደረቅ አስፋልት ቶሎ ይግላል፤ ይበላል። ሁለቱም ዓይነት መንገድ በአንድ ዙር ውስጥ ሲገኝ ምርጫው የቡድኑ መሪ ድርሻ ነው፤ ጀማሪው በተሰጠው ጎማ ላይ መታገሥ ብቻ ይቀረዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ሰውነት። ተዘግቶ በሚሄደው መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ በላዩ ላይ እሳት የማይበግረው ሙሉ ልብስ፣ የውስጥ ሸሚዝ፣ ጓንት፣ ሄልሜትና አንገት የሚጠብቀው መሣሪያ አለ። ያጣውን ውሃ ሳይተካ የወረደ ሰው ሁለተኛ ተራው ሲደርስ ፍርዱ የዘገየ ነው። እንቅልፍ ግን ከውሃ ይበልጥ ይከብዳል። የሰው ሰውነት በቀን ውስጥ ንቃቱ የሚወርድበት የራሱ ሰዓት አለው፤ በአብዛኛው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ግድም። ለተጓዥ ታዲያ ያ ሰዓት ጀርመን ሲደርስ አብሮት ይመጣል። ከቶኪዮ ከደረሰ ሁለት ቀን የሆነውን አሽከርካሪ አስቡ። በበጋ የሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ የእሱ ድቀት የሚመጣው በጀርመን ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ግን ሰውነቱ ገና ረፋድ ላይ ነው። ከኒው ዮርክ የመጣው ተቃራኒው ነው፦ ሌሊቱን ይችለዋል፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሌሎች ነቅተው ሲቀልዱ፣ ዓይኑ ይከብድበታል። ይህን የተረዳ የቡድን መሪ ተራውን ሲያወጣ የአሽከርካሪዎቹን አገር ያያል። በቅጡ ካልታሰበበት ሰውየው ከአገሩ ይዞት የመጣውን ሰዓት መንገዱ ላይ ይከፍለዋል። ደግሞም ከከባድ እንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው ወዲያው መኪና ውስጥ መግባት የለበትም፤ አእምሮው ለመጥራት እስከ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የመጀመሪያ ጉዟቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያደርጉም ብዙ ናቸው። በዱባይ ከ2006 ጀምሮ በጥር የሚደረግ የ24 ሰዓት ውድድር አለ፤ የሚያዘጋጀው ክሬቬንቲክ የተባለ የሆላንድ ድርጅት ሲሆን አማተሮችን በግልጽ የሚጋብዝ ነው። ዙሩ 5.39 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ የሳተ ሰው የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ኒሳንና ሶኒ በኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር ያሸነፉ ወጣቶችን ወደ እውነተኛ መኪና ያሸጋግሩ በነበረበት ዘመን፣ ወጣቶቹን ለመፈተን የላኳቸው ወደዚህ ነበር። በ2012 አራቱም የጨዋታው አሸናፊዎች የሆኑ ልጆች ኒሳን 370ዜድ ተሰጣቸው፦ ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኜዝ፣ ፈረንሳዊው ዮርዳን ትሬሶን፣ አሜሪካዊው ብራያን ሃይትኮተርና ከዌልስ የመጣው የ20 ዓመቱ ያን ማርደንቦሮ። ማርደንቦሮ ከጥቂት ወራት በፊት 90,000 ገደማ ተወዳዳሪዎችን ያሸነፈው ቤት ተቀምጦ በጀመረው ጨዋታ ነው። ከምድባቸው ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ።

ብዙ ሰው በዚህ ታሪክ የሚደነቀው ጨዋታው ፍጥነትን ማስተማሩ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ አራት ሰዎች አንድ መኪና ሳይሰብሩ መቀባበላቸው ነው። ጨዋታ ብቻውን ይህን አያስተምርም። ጋራዡ ፊት የሚወርደው አሽከርካሪ ቀበቶውን ቀድሞ ያላላል፤ ለቁመቱ የተሠራውን የመቀመጫ ትራስ ይዞ ይወጣል፤ ተረካቢው ሲገባ ደግሞ ቀበቶውን የሚያጠብቅለት እሱ ነው። በዚያች ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጆሮው ላይ ጮሆ የሚነግረው ነገር አለ፦ ዘይት የፈሰሰበት ጥምዝ የትኛው ነው፣ ፍሬኑ ረጅም እየገባ ነው ወይስ ደህና፣ ሦስተኛ ማርሽ ያንገራግራል ወይ። እዚህ ላይ ኩራት የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው። የብረት አጥር ነክቶ ለጓደኛው ያልተናገረ አሽከርካሪ የታመመ መኪና ያስረክባል፤ በቀጣዩ ፈጣን ጥምዝ ላይ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

አደጋው የምር ነው፤ ምዕራፉም ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም። መጋቢት 28 ቀን 2015 ይኸው ማርደንቦሮ፣ ያን ጊዜ ባለሙያ ሆኖ፣ ኑርቡርግሪንግ ላይ ፍሉግፕላትዝ ከሚባለው ጉብታ ሲያልፍ መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ አጥሩን ተሻገረ። አንድ ተመልካች ሞተ። ከዚያ በኋላ ለጊዜው የፍጥነት ገደብ ተጣለ፤ የመንገዱ ጉብታዎችም ታረሙ። አሁን አደጋ በደረሰበት ስፍራ እጥፍ ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ማንም ከ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መሄድ አይችልም፤ «ኮድ 60» ከታወጀ ወደ 60 ይወርዳል። ፍጥነቱ በሳተላይት ስለሚመዘገብ የሚያታልል ይያዛል። ለጀማሪው ይህ ሕግ የወረቀት ጉዳይ አይደለም፤ ከጥምዙ ማዶ አጥር የሚጠግኑ ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል።

የውድድሩ መጨረሻ ለአማተሩ ቡድን ከመሪዎቹ ጋር እምብዛም አይገናኝም። በ2023 ኑርቡርግሪንግ ላይ ያሸነፈው ፌራሪ 162 ዙር ሄዷል፤ ከ4,100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የትንሹ መኪና ቡድን የሚያስበው ባንዲራው ሲውለበለብ መስመሩን ስለ ማለፍ ነው። በለ ማን ለምሳሌ በውጤት ዝርዝር ለመመዝገብ መስመሩን ማለፍና አሸናፊው ከሄደው ቢያንስ 70 በመቶውን መሸፈን ይጠይቃል። ስለዚህ ካምቢዮው ሌሊት የተሰበረበትን መኪና መካኒኮቹ ለሰዓታት ሲጠግኑ ያድራሉ፤ አንዳንዴም ቀስ ብሎ ብቻ መሄድ የሚችል መኪና ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ይጠብቃል።

በነዚህ ደቂቃዎች መሪውን ማን ይያዝ የሚለው ክርክር በየጋራዡ ይነሣል። ብዙ የቡድን መሪዎች ለፈጣኑ ይሰጣሉ። እኔ ግን ሌሊቱን ከሁሉ ያነሰ ዙር ለነዳው ቢሰጥ እላለሁ። ደረጃው በዚያ ሰዓት የሚለወጥ ከሆነ አይሆንም፤ የማይለወጥ ከሆነ ግን ይህ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ፈቃዱን ተምሮ፣ ተራውን ጠብቆ የቆየ ነው። መንገዱም በዚያ ሰዓት ደግ ይሆናል፤ የኃይለኞቹ መኪኖች አሽከርካሪዎች ስለ መኪናቸው ስለሚጠነቀቁ ከኋላ አይገፉም። ከዳር ያሉ የባንዲራ ሠራተኞች ሁሉንም ባንዲራ አንድ ላይ ይዘው ለሚያልፈው መኪና ሁሉ፣ ለፈጣኑም ለዘገምተኛውም፣ ያውለበልባሉ።